ፌስቲቫል ስንል ምን ማለታችን ነው?

(በማኅበራችን የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



በዚህ ዓመት «ታላቅ የሙዚቃ ፌስቲቫል» የሚል ማስታወቂያ አይተን ወደ አንድ አዳራሽ ተሰልፈን እንደ ገባን ታስታውሳላችሁ። አንድ ባንድ ሁለት ሰዓት ያህል ተጫወተ፤ አጨበጨብን፤ ወጣን። ሙዚቃው መልካም ነበር፤ ስሙ ግን የውሸት ነበር። ይህን የምናነሣው ለወቀሳ አይደለም። በጥር ዕረፍት ወረታ ላይ ፌስቲቫል እናዘጋጅ የሚል ሐሳብ ለማኅበራችን ስለ ቀረበ፤ ገንዘብ ከማዋጣታችን በፊት ነገሩን እንለየው ብለን ነው።

ኮንሰርት የአንድ ምሽት ጉዳይ ነው። አድማጭ የሚወደውን ተጫዋች መርጦ ይከፍላል፤ ሰምቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ወደ ፌስቲቫል የሚመጣው ሰው ግን የሚመጣው ስለ በዓሉ ነው። ቀናት ይውላል፤ ያድራል፤ ይበላል፤ ስሙን እንኳ ሰምቶት የማያውቀውን ተጫዋች ሳያስበው አግኝቶ ይወድዳል።

በዓለም የታወቀው ምሳሌ ውድስቶክ ነው። ከነሐሴ 9 እስከ 12 ቀን 1961 ዓ.ም. በአሜሪካ ኒውዮርክ ክፍለ ሀገር፤ 400 ሺህ የሚያህል ሰው በአንድ የወተት ላሞች እርሻ ላይ ሰፈረ። ዝናብ መጣ፤ መስኩ ጭቃ ሆነ፤ ሰዉም ከነጭቃው ቆየ። (የተፈጸመው በቡሄ ዋዜማ መሆኑን ስናስብ ፈገግ እንላለን፤ የፎገራ ሰው ግን በነሐሴ ጭቃ ሊዝናና ሜዳ ላይ አይወጣም!) በአገራችን ደግሞ ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም. ለቦብ ማርሌ 60ኛ የልደት ቀን በመስቀል አደባባይ የተደረገው ዝግጅት አለ። ዩሱ ንዱርና አንጀሊክ ኪጆን የመሳሰሉ ብዙ ተጫዋቾች ነበሩበት። ሕዝቡ እጅግ ብዙ ነበር፤ ነገር ግን መድረኩ አንድ፤ ቀኑም አንድ ነበርና በእኛ አስተያየት ወደ ኮንሰርቱ ያደላል። የሰው ብዛት ብቻውን ፌስቲቫል አያደርግም።

አሁን ወደ ፎገራ እንመለስ። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ውሃ ይተኛበታል። በኅዳርና በታኅሣሥ ገበሬው ሩዙን ያጭዳል፤ ያን ጊዜ ኑና ዘፈን ስሙ ብንለው ማጭዱን ይዞ ይስቅብናል። ጥር ሲገባ ግን የሠርጉም የጥምቀቱም ጊዜ ነው። በከተራ ታቦታቱ ይወርዳሉ፤ ካህናቱ በከበሮና በጸናጽል ይዘምራሉ፤ ጎረምሳው በየመንደሩ ተከፍሎ ይጨፍራል፤ ሽለላውና ፉከራው በአንድ ወገን፤ እስክስታው በሌላ ወገን ይሆናል። ትኬት የለም፤ መጋረጃም የለም። አዳራሽ የተከራየ ሰው ቀኑን እንደ ፈቀደው ይቆርጣል፤ እንዲህ ያለው በዓል ግን ቀኑን ከመከሩና ከቤተ ክርስቲያኑ ይቀበላል።

ከመካከላችን አንዳንዱ «እንግዲያው ጥምቀትን ራሱን የማኅበሩ ፌስቲቫል ብለን እናስተዋውቅ» ብሏል። በዚህ አንስማማም። ካህኑ የሚዘምረው ለጸሎት ነው፤ በእኛ ፕሮግራም ላይ በተራ ቁጥር ልንጽፈው አይገባም።

አዝማሪው ግን ሌላ ነው፤ የጎንደር ምድር በርሱ የታወቀ ነው። በሠርግ ቤት ማሲንቆውን ይዞ ሲቆም «ተቀበል!» ይለዋል አንዱ እንግዳ፤ ግጥሙን ይሰጠዋል፤ እርሱም ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። የግጥሙ ግማሽ የአድማጩ ነው። ይህን ሰው ከፍ ባለ መድረክ ላይ አቁመን ማይክሮፎን ብንሰጠውና ሕዝቡን በገመድ ብንከለክለው፤ ድምፁ ይጎላል፤ ተቀባይነቱ ግን ይቀራል። ከእኛ አንዳንዱ በተወለደበት ቤት ደጃፍ የሰማውን አዝማሪ በአዳራሽ ሲሰማው ያላወቀው ስለዚህ ይመስለናል።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፤ ወረታ የባሕር ዳርና የጎንደር መንገድ ከደብረ ታቦሩ ጋር የሚገናኝባት ከተማ ስለ ሆነች ከሦስቱም ወገን ሰው ለመምጣት አይቸገርም። ጥምቀትና ማግሥቱ ሚካኤል ካለፉ በኋላ ሁለት ቀን እንያዝ። ትልቅ መድረክ አንሥራ፤ በየዳሱ አንድ አዝማሪ ይቁም፤ ሰዉ ከዳስ ወደ ዳስ ይዙር። ሽልማት እንደ ተመልካቹ ፈቃድ ሆኖ፤ የአዝማሪዎቹ አበል ግን አስቀድሞ ከመዋጮአችን ይከፈል። ሰው ግንባራቸው ላይ ብር ይለጥፍላቸዋል ብለን ባዶ እጃቸውን ከየአገራቸው ልናስመጣቸው አይገባም። የመዋጮው መጠን ዛሬ ማታ ይወሰንልን።