በስፖርት መኪና ክሩስኮት ላይ የጌጅ ቤት ስለ መሥራት

(ለተማሪዎች ኅብረት አባሎች የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ለጊዜው ሲያዩት ጨዋታ ይመስላል። በስፖርት መኪና ክሩስኮት ላይ ሁለት ተጨማሪ ጌጆች የሚቀመጡበትን ትንሽ ቤት በእጅ ስለ መሥራት ነው። «ይህ ሰው ሰብስቦ የሚያናግር ነገር ነው ወይ?» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። እኛ ግን ሥራውን ይዘን እንዳየነው፣ ከሁለት ጡጫ እምብዛም በማትበልጥ ቤት ውስጥ የሜካኒክስ፣ የኤሌክትሪክ፣ የሙቀትና የኬሚስትሪ ትምህርት አንድ ላይ ይገናኛሉ። ከዚህም በላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም መለኪያ የሚያስፈልገን ልባችንን ለማሳረፍ ነው ወይስ እውነቱን ለማወቅ? የሚል ነው።

ንግግራችንን በሦስት እንከፍለዋለን። በመጀመሪያ ተጨማሪ ጌጅ ለምን እንደሚያስፈልግ፣ ቀጥሎ ቤቱ የትና እንዴት እንደሚሠራ፣ በመጨረሻም ጌጁ የሚናገረው እውነት መሆኑ እንዴት እንደሚታወቅ እናስረዳለን። የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ. ጌጁ ለምን ያስፈልጋል?

ለምሳሌ የያዝነው መኪና ማዝዳ ኤም ኤክስ-5 ነው፤ አሜሪካኖች ሚያታ ይሉታል። በ1989 በቺካጎ የመኪና ትርኢት ለሕዝብ የታየ፣ ባለ ሁለት ወንበር፣ ጣራው የሚታጠፍ ትንሽ የስፖርት መኪና ነው። የመጀመሪያዎቹ በክሩስኮታቸው ላይ እውነተኛ የዘይት ግፊት ጌጅ ነበራቸው። ሞተሩ ሲፈጥን መርፌው ይወጣል፤ ሲያዘግም ይወርዳል። በአሜሪካ ገበያ ከ1995 ሞዴል ጀምሮ ግን የጌጁ መልክ እንደ ነበረ ሆኖ ከኋላው ያለው ነገር ተለወጠ። በግፊት መለኪያው ፈንታ እንደ ማብሪያ ማጥፊያ ያለ ነገር ተተካ። ግፊቱ ከጥቂት መጠን ካለፈ መርፌው ወደ መካከል ወጥቶ እዚያው ይቆማል። ሞተሩ ጤናማ ቢሆንም፣ ግፊቱ በግማሽ ቢቀንስም፣ መርፌው ከቦታው አይነቃነቅም። ግፊቱ ሊጠፋ ሲቃረብ ብቻ ይወድቃል።

ፋብሪካውን ለመንቀፍ አልተነሣንም። ሞተር ሲግል ዘይቱ ይቀጥናል፤ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ብቻ ሲሠራ ግፊቱ ዝቅ ማለቱ የተፈጥሮ ነው። ይህን የማያውቅ ነጂ መርፌው በወረደ ቁጥር ይደነግጣል። የማይንቀሳቀስ መርፌ ለእንዲህ ያለው ሰው ዕረፍት ይሰጠዋል። ነገር ግን ዕረፍትና ደኅንነት አንድ አይደሉም። በሞተር ውስጥ የሚሽከረከረው ዘንግ ብሮንዚኖቹን ሳይነካ የሚዞረው በመካከላቸው ባለው ቀጭን የዘይት ሽፋን ላይ ነው። ሽፋኑ ከጠፋ ብረት ከብረት ይፋጫል፤ ሞተሩም በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይበላሻል። በተለይ የስፖርት መኪና በፍጥነት ሲታጠፍ ዘይቱ በመያዣው ውስጥ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፤ ያን ጊዜ ፓምፑ በዘይት ፈንታ አየር ሊስብ ይችላል። ግፊቱ ለአንድ አፍታ ወርዶ ይመለሳል። ይህችን አፍታ ሊያሳይ የሚችለው በእውነት የሚንቀሳቀስ መርፌ ብቻ ነው።

«ቀይ መብራት አለ አይደለም ወይ?» ይባላል። አለ፤ ነገር ግን መብራቱ የሚበራው ግፊቱ ካለቀ በኋላ ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። የውሃ ሙቀት ጌጅም ከዚሁ የራቀ አይደለም። በብዙ አዳዲስ መኪናዎች መርፌው በሰፊ የሙቀት ክልል ውስጥ አንድ ቦታ እንዲቆም ሆኖ የተሠራ ነው፤ ሲነሣም ብዙውን ጊዜ ነገሩ ከረፈደ በኋላ ነው። ስለዚህ ለቤታችን ሁለት ጌጆች መረጥን፤ አንዱ የዘይት ግፊት፣ ሁለተኛው የውሃ ሙቀት።

2ኛ. ቤቱ የትና እንዴት ይሠራል?

ስለ ቦታው ሌሎች ያደረጉትን ማየት ይጠቅማል። በ1969 ለገበያ የቀረበው ዳትሰን 240 ዜድ በክሩስኮቱ መካከል ሦስት ጥልቅ ክብ ቤቶች ነበሩት፤ ወደ ነጂው ዞር ያሉ ናቸው። ከ1964 ጀምሮ የተሠራው ፖርሽ 911 ደግሞ አምስት ክብ ጌጆችን በአንድ ረድፍ ደርድሮ የሞተሩን ዙር የሚቆጥረውን ትልቁን ከመካከል አደረገው። ሁለቱም የሚያስተምሩን አንድ ነገር ነው፤ ጌጅ የሚቀመጠው ቦታ ስለ ተገኘ ሳይሆን ዓይን ስለሚደርስበት ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ ወደ 28 ሜትር ይጓዛል። ጌጅ ለማንበብ ሁለት ሴኮንድ አንገቱን የደፋ ነጂ ከ50 ሜትር በላይ መንገድ ሳያይ አለፈ ማለት ነው።

በዚህ ምክንያት ከሁሉ አስቀድመን ቤቱን ከካርቶን ሠራን። በፕላስተር ለጥፈን፣ በነጂው ወንበር ተቀምጠን፣ እጃችንን በመሪው ላይ አድርገን ተመለከትን። ቁመታችን ስለሚለያይ ረጅሙም አጭሩም በየተራ ተቀምጦ ፈተነው። «አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» የሚባለው እዚህ ላይ ነው፤ ካርቶን ርካሽ ነው።

ሊርቁ የሚገባቸው ቦታዎችም አሉ። የፊት መስተዋቱን ጎን በሚይዘው ምሰሶ ላይ ጌጅ መትከል የተለመደ ነው። ነገር ግን በብዙ ዘመናዊ መኪናዎች ከዚያ ምሰሶና ከጣራው ጠርዝ ውስጥ የሚፈነዳ ኤርባግ አለ። በክሩስኮቱ ላይ በተሳፋሪው በኩል ያለው የኤርባግ ክዳንም እንዲሁ ነው። ኤርባግ በሚወጣበት መንገድ ላይ የተቀመጠ ቤት በአደጋ ጊዜ ወደ ሰው ፊት የሚወረወር ድንጋይ ይሆናል። ጉም ከመስተዋቱ የሚያጠፋውን የነፋስ መውጫ መድፈንም አይገባም። እኛ ከመሪው በስተቀኝ፣ በክሩስኮቱ መካከል፣ ዝቅ ያለውን ቦታ መረጥን፤ የመኪናችን መሪ በግራ ነውና።

አሁን ወደ አሠራሩ እንምጣ። በገበያ የሚገኙት ትንንሽ ጌጆች አብዛኛዎቹ 52 ሚሊ ሜትር ስፋት አላቸው። ክሩስኮቱን በወረቀት ፕላስተርና በአልሙኒየም ፎይል ሸፍነን፣ በላዩ ሰም ቀብተን፣ ሁለት ወይም ሦስት ድርብ የፋይበርግላስ ጨርቅ በሬዚን እያራስን አነጠፍንበት። ሲደርቅ የክሩስኮቱን ጉብታና ጎድጓዳ አንድም ሳያስቀር የቀዳ መሠረት ተነሣ። ጌጆቹ የሚገቡባቸውን ሁለት ቀለበቶች ከፕላስቲክ የውሃ ቧንቧ ቆርጠን፣ በካርቶኑ ባገኘነው ማዕዘን በትንንሽ እንጨቶች በመሠረቱ ላይ አቆምናቸው። ከዚያ የሚለጠጥ ጨርቅ ከቀለበቶቹ እስከ መሠረቱ ወጥረን ሬዚን ቀባነው። የተወጠረ ጨርቅ በራሱ የሚይዘውን ለስላሳ ቅርጽ በቢላዋ ቀርጾ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ከውስጥ በኩል ደግሞ ፋይበርግላስ ጨመርንበት፤ ብርታቱ ከዚያ ነው። ስቱኮ ለቀለቅነው፤ በሻካራው ብርጭቆ ወረቀት ጀምረን በልዝቡ ጨረስን። ቀለሙ የማያብረቀርቅ ጥቁር ነው። የሚያብረቀርቅ ቀለም ቀን ፀሐይን ወደ ዓይን፣ ሌሊት የጌጁን ብርሃን ወደ መስተዋት ይመልሳል።

ስለ ሬዚኑ አንድ ማስጠንቀቂያ እንስጥ። ማጠንከሪያው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ብቻ ይበቃዋል። ከዚያ በዝቶ ከተጨመረ፣ ወይም ሬዚኑ በአንድ ዕቃ ውስጥ ተከማችቶ ከቆየ፣ በራሱ ሙቀት ይጨሳል፤ እሳት ሊያስነሣም ይችላል። ጠብታው ዓይን ያጠፋል፤ ሽታውም ለሳንባ መልካም አይደለም። መነጽር፣ ጓንት፣ ክፍት በር፤ እነዚህ ሳይኖሩ ሥራው አይጀመር።

«ዛሬ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? በሦስት ገጽታ ማተሚያ መሣሪያ ማውጣት ይቻላል» የሚል ይኖራል። ይቻላል፤ ቁሱን ግን ማወቅ ያሻል። ለዚህ መሣሪያ በብዛት የሚሸጠው ፒ.ኤል.ኤ. የተባለው ፕላስቲክ በ60 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል። በ2018 በአሪዞና በወጣ ጥናት ለአንድ ሰዓት ፀሐይ ላይ የቆሙ መኪናዎች ክሩስኮት በአማካይ ወደ 69 ዲግሪ ደርሶ ተገኝቷል። እንግዲህ ጠዋት ቀጥ ብሎ የቆመው ቤት ከሰዓት በኋላ አንገቱን ይደፋል። ኤ.ቢ.ኤስ. የሚባለው ፕላስቲክ ግን እስከ 100 ዲግሪ ገደማ ይጸናል።

ቤቱን በማስቲሽ ብቻ ማጣበቅ አይበቃም፤ ማስቲሽም በሙቀት ይለቃል። ከሥር በብሎንና በማቀፊያ ብረት መታሰር አለበት። ጠርዞቹም ሁሉ ክብ ይሁኑ።

3ኛ. ጌጁ እውነት መናገሩ እንዴት ይታወቃል?

የግፊት ጌጅ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው መካኒካል ነው። ፈረንሳዊው ኤዤን ቡርዶን በ1849 ባለቤትነቱን ያስመዘገበው ጠፍጣፋና የታጠፈ ቱቦ በውስጡ አለ፤ ግፊት ሲገባበት ቱቦው ሊቃና ይፈልጋል፤ በዚያም መርፌውን ይገፋል። አሠራሩ እጅግ ታማኝ ነው፤ ነገር ግን የጋለውን ዘይት በቀጭን ቧንቧ እስከ ነጂው ጉልበት ድረስ ያመጣል። ቧንቧው ቢሰበር የሚፈስሰው በነጂው እግር ላይ ነው። ስለዚህ እኛ ሁለተኛውን፣ ኤሌክትሪኩን መረጥን። ዘይቱ በሞተሩ ዘንድ ይቀራል፤ ወደ ክሩስኮት የሚመጣው ሽቦ ብቻ ነው።

ሴንሰሩን ሲያስገቡ ጥርሱን መመልከት ያስፈልጋል። በጃፓን መኪናዎች የተለመደው የእንግሊዝ ጥርስ ነው፤ በአንድ ኢንች ውስጥ 28 አለው። በገበያ የሚሸጡት ብዙዎቹ ሴንሰሮች ደግሞ 27 ጥርስ ያለው የአሜሪካ ሥራ ናቸው። ዓይን አይለያቸውም፤ አንዱ በሌላው ውስጥ ጥቂት ይዞራል፤ ከዚያ ይጠብቃል። የጠበቀው የገባ የሚመስለው ሰው በኃይል ሲያዞረው የሞተሩን ጥርስ ይበላዋል፤ ዘይቱም ይፈስሳል። መፍትሔው ሁለቱን የሚያገናኝ ማጣመሪያ መግዛት ነው። ባለ አንድ ሽቦ ሴንሰር የኤሌክትሪክ መመለሻውን የሚያገኘው በዚሁ ጥርስ በኩል ስለ ሆነ፣ የቧንቧ ፕላስተር በብዛት ከተጠቀለለበት መርፌው ይዛባል። የጌጁ ሽቦ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ከሚነሣ መስመር በትንሽ ፊውዝ በኩል ይሳብ፤ ቆርቆሮ በሚያልፍበትም ቦታ የጎማ ቀለበት ይደረግለት።

የውሃውን ጌጅ ከመትከል በፊት ሴንሰሩን በሚፈላ ውሃ ውስጥ ነክሮ መፈተን የቆየ ዘዴ ነው። በዚህ ላይ የአገራችን ተማሪ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። በመጽሐፍ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል፤ ይህ ግን በባሕር ጠለል ላይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ውሃውም በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። እንግዲህ በአዲስ አበባ ሴንሰሩን በፈላ ውሃ ነክሮ 92 ያየ ሰው «ጌጁ ተበላሽቷል» ብሎ ወደ 100 ቢያስተካክለው፣ እውነተኛውን ምስክር ሐሰት አስተማረው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ጌጁ በዚያ አካባቢ ስምንት ዲግሪ ያህል ሲጨምር ይኖራል። በጅቡቲ ወደብ ቢፈተን ግን 100 ማለት ነበረበት። መለኪያውን ለመፍረድ የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የቆመበትን ስፍራ ይወቅ።

በመኪናው ውስጥ ያለው ውሃ በ92 ዲግሪ የማይፈላው የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን ስለሚይዝለት ነው። ክዳኑ ካረጀ ግን ደጋ ላይ ያለ መኪና ቆላ ካለው ቀድሞ ይፈላል። እንግዲህ አንድ ቁጥር በሁለት አገር አንድ ትርጉም የለውም፤ ጌጅ ቁጥር ይሰጣል፣ ትርጉሙን የሚሰጠው ነጂው ነው።

ለዘይቱ ግፊት ብዙ መካኒኮች የሚይዙት ልማዳዊ ሚዛን አለ፤ በየ1,000 ዙሩ 10 ፒ.ኤስ.አይ.፣ ማለት 0.7 ባር ያህል ነው። ከዚህ ይልቅ የሚሻለው ግን የራስን ሞተር ጠባይ ማወቅ ነው። ጠዋት ሲነሣ ስንት ያሳያል? ሲግልና ሲቆምስ? ይህን ለሳምንት የጻፈ ሰው መርፌው በወረደ ቁጥር አይደነግጥም፤ ከልማዱ ሲወጣ ግን ወዲያው ያውቃል። መጨረሻ ላይ እሽቅድምድም ነጂዎች የሚያደርጉትን አደረግን። ሁለቱንም ጌጆች በቤታቸው ውስጥ አዙረን፣ መርፌዎቹ በደኅናው ጊዜ ሁለቱም ቀጥ ብለው ወደ ላይ እንዲያመለክቱ አደረግናቸው። ነጂው ቁጥር ማንበብ አያስፈልገውም፤ አንዱ ሲያጋድል በጨረፍታ ያየዋል።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ሥራው ትንሽ ነው፤ ዋጋውም ብዙ አይደለም። ነገር ግን ከዚህ በኋላ በየትኛውም መሣሪያ ላይ፣ በላቦራቶሪም ይሁን በፋብሪካ፣ ጸጥ ብሎ መካከል ላይ የቆመ መርፌ ስናይ ሁለት ጊዜ እንመለከተዋለን። መጀመሪያ የምንጠይቀው «ስንት ይላል?» ብለን አይደለም፤ «ከኋላው ምን አለ?» ብለን ነው። እናንተም እንዲሁ እንድትጠይቁ እናሳስባለን።