ግድግዳ ላይ የማይለጠፍ ደንብ



አዘጋጆቹ «ስለ ሥነ ምግባር ትንሽ በይ» ሲሉኝ፣ በየቢሮው ስለሚሠራበት ያልተጻፈ ደንብ ብናገር ይሻላል አልኩ።

በሙያችን ካርድ ላይ ያልተጻፈ ነገር እንዳልተደረገ ይቆጠራል። መድኃኒቱን ሰጥቻለሁ ማለት አይበቃም፤ መጠኑ፣ ሰዓቱና ፊርማው ይፈለጋል። ቢሮ ስንሄድ ግን ነገሩ ይገለበጣል። «ፎርሙ ረቡዕ ብቻ ነው የሚሰጠው»፣ «ኃላፊው ካላዩት አይሆንም» እንባላለን። የት ተጻፈ ብሎ የጠየቀ ሰው «አስቸጋሪ ባለጉዳይ» ይሆናል።

አንዲት ታካሚዬ የነጻ ሕክምና ወረቀት ለማግኘት ሦስት ሳምንት ተመላልሳለች። መጀመሪያ መታወቂያ፣ ቀጥሎ የቤት ኪራይ ውል፣ በመጨረሻ የሰው ምስክር ተጠየቀች። ሁሉንም በአንድ ቀን የነገራት የለም። በሽታው ግን እየባሰ ሄደ።

ያልተጻፈ ሁሉ መጥፎ ነው አልልም። ነፍሰ ጡር ወይም አዛውንት ሲመጡ ሰልፈኛው ያሳልፋቸዋል፤ ይህን ያስተማረን መመሪያ ሳይሆን አስተዳደጋችን ነው። ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? ይሄኛውን በሁሉ ፊት ጮክ ብለን እንናገረዋለን። «ረቡዕ ብቻ» የሚለውን ግን ለጥፉት ቢባል የሚለጥፈው የለም፤ ዘመድ ያለው ማክሰኞም ያገኛላ! ሸክሙ የሚወድቀው ማንንም በማያውቀው ሰው ላይ ነው።

ሠራተኛውንም አልፈርድበትም። ባለጉዳይ ይበዛበታል፣ አለቃውም በቃል ያዝዘዋል። ጥያቄ ሲነሣ ግን አዛዡ አይገኝም፤ የሚጠየቀው እሱ ነው። የተጻፈ ደንብ እሱንም ይጠብቀዋል።

ሕጉ አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዝዛል። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ደግሞ ተቋማት መመሪያቸውን እንዲያስመዘግቡና ለሕዝብ እንዲያሳውቁ፣ ውሳኔያቸውንም ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጡ ያስገድዳል። ቅር የተሰኘ ሰው ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማመልከት ይችላል፤ ፍርድ ቤትም ቢሆን እዚሁ ልደታ አለ። ነገር ግን ሕመምተኛ ሰው ሐኪም ቤት ይመላለስ ወይስ ችሎት?

ስለዚህ ነገሩ ወደ እኛ ይመጣል። ከመካከላችን ዛሬ የክፍል ኃላፊ፣ የሆስፒታል ዳይሬክተር፣ የጤና ቢሮ ባለሥልጣን የሆነ ብዙ ነው። ሦስት ነገር ልለምናችሁ። አንድ፣ ከባለጉዳይ የሚፈለገውን ማስረጃ በሙሉ በር ላይ ለጥፉ። ሁለት፣ ለመለጠፍ የምታፍሩበትን ደንብ ተዉት። ሦስት፣ «አይቻልም» ካላችሁ ምክንያቱን ጽፋችሁ ፈርሙበት። ለዚህ በጀት አያስፈልግም፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል።