የመዝገብ ቤት ድምፅና የሁለት ሰዎች ሙዚቃ



መሐንዲስ ሥራውን ሲፈጽም ከኋላው የሚቀሩት ነገሮች የታወቁ ናቸው፤ ይኸውም ንድፉ፣ የስሌቱ መዝገብ፣ የርክክቡ ሰነድና ራሱ ሥራው ነው። ሥራው ሲሠራ የተነገረው ቃል ግን፣ ማለትም በመቆጣጠሪያው ክፍል የተሰጠው ትእዛዝ፣ ሠራተኛው ለባልንጀራው የጮኸው ማስጠንቀቂያ፣ ለጀማሪው የተሰጠው ምክር፣ አየር ላይ ተበትኖ ይቀራል። በድምፅ ክር ወይም በፊልም ተቀድቶ የተረፈ ቢኖር እንኳ ከመዝገብ ቤት መደርደሪያ ወርዶ የሚሰማው ከስንት አንዴ ነው። የዛሬው ንግግር እንዲህ ያለውን ድምፅ አንሥተው በመድረክ ላይ ስላሰሙ ሁለት የለንደን ሙዚቀኞች ነው። ርእሱ ለመሐንዲሶች ጉባኤ እንግዳ ቢመስል አይፈረድም፤ ነገሩ ግን ከሙያው የራቀ አይደለም። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቡድኑ «ፐብሊክ ሰርቪስ ብሮድካስቲንግ» ይባላል፤ ለሕዝብ አገልግሎት የቆመ የራዲዮና የቴሌቪዥን ሥርጭት ማለት ነው። በ2009 ሥራውን ብቻውን የጀመረው በመድረክ ስሙ ጄ. ዊልጉስ የሚባለው ሰው ሲሆን፣ ከበሮ መቺው ሪግልስዎርዝ ቆይቶ ተቀላቀለው። አንደኛው ጊታር፣ ባንጆና የኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎችን ይጫወታል፤ ሁለተኛው ከበሮ ይመታል። ዘፋኝ የላቸውም። በዘፋኙ ቦታ የሚሰማው ከአሮጌ ዜና ፊልሞች፣ ከማስተማሪያ ፊልሞችና ከራዲዮ ቅጂዎች የተወሰደ ንግግር ነው፤ ፊልሙም በስተኋላቸው በተዘረጋው ሸራና በተደራረቡ የቴሌቪዥን ሣጥኖች ላይ አብሮ ይታያል። ለተመልካች እንኳ በራሳቸው አንደበት አይናገሩም ነበር፤ ሰላምታውንና ምስጋናውን አስቀድሞ የተዘጋጀ የማሽን ድምፅ ያሰማላቸዋል። ልብሳቸውም እንደ ድሮ መምህር ሱፍና የቢራቢሮ ክራቫት ነው። በ2013 የወጣው የመጀመሪያ ሙሉ አልበማቸው «ማሳወቅ፣ ማስተማር፣ ማዝናናት» የሚል ስም አለው፤ ሦስቱ ቃላት ከቢቢሲ የመጀመሪያው ዋና ዳይሬክተር ከጆን ሪዝ ስም ጋር የተያያዙ የሥርጭት ዓላማዎች ናቸው። ከጊዜ በኋላ ሌላ ሙዚቀኛና የሥዕሉን ሥራ የያዘ ባለሙያ ስለተጨመሩ «ሁለት ሰዎች» የሚለው አነጋገር በተለይ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ይመለከታል።

በዚሁ አልበም ውስጥ «የሌሊት ፖስታ» የተሰኘ ሥራ ይገኛል። ምንጩ የእንግሊዝ ፖስታ መሥሪያ ቤት የፊልም ክፍል በ1936 ያወጣው፣ ከለንደን ወደ ስኮትላንድ ስለሚጓዘው የፖስታ ባቡር የሚናገር ፊልም ነው። ለፊልሙ ግጥሙን ኦደን፣ ሙዚቃውን ብሪተን ጽፈውለታል፤ ይሁን እንጂ ለመሐንዲስ ጆሮ ከሁሉ የሚበልጠው ሌላ ስፍራ ነው። ባቡሩ ሳይቆም በሙሉ ፍጥነት ሲበር የቆዳው ከረጢት ከሐዲዱ ዳር በተተከለ መረብ ላይ መውደቅ አለበት። ውጭው ጨለማ ነው። ልምድ ያለው ሠራተኛ ጀማሪውን የሚያስተምረው ሁለት ድልድይ ካለፈ በኋላ 45 የሐዲድ ምት እንዲቆጥር ነው። የሐዲዱ ቁራጭ 18 ሜትር ቢሆን 45 ምት 810 ሜትር ይሆናል ማለት ነው። በሰዓትና በመለኪያ ፈንታ ጆሮውን ይዞ ርቀት የሚለካ ሠራተኛ! ሙዚቀኞቹ ለዚህ ፊልም ምት መፈልሰፍ አላስፈለጋቸውም፤ ምቱ ከሐዲዱ መጋጠሚያ ላይ ነበረ።

ንግግሩንና ሥዕሉን ከሙዚቃው ጋር አንድ ላይ ማስኬድ ግን ቀላል አይደለም። የእንግሊዝ ቴሌቪዥን በሴኮንድ 25 ሥዕል ያሳልፋል። ሙዚቃው በደቂቃ 120 ምት ቢኖረው ለእያንዳንዱ ምት 12 ሥዕል ተኩል ይደርሰዋል። ከበሮ መቺው ከዚህ ፍጥነት በመቶ አንድ ብቻ ቢዘገይ፣ አራት ደቂቃ በሚፈጅ ሥራ መጨረሻ ላይ የሁለት ሴኮንድ ከግማሽ ያህል ልዩነት ይፈጠራል፤ ይህም 60 ሥዕል ማለት ነው። ሰው ዘፋኝ ቢሆን ኖሮ ይጠብቅ ነበር። ከሃምሳ ዓመት በፊት የተቀዳ ድምፅ ግን ማንንም አይጠብቅም። ስለሆነም በእንዲህ ያለ ሥራ ሁሉም የሚገዛለት አንድ የጋራ ሰዓት ያስፈልጋል፤ ሕያው የሆነው ሙዚቀኛ ለሞተው ተናጋሪ ይታዘዛል። የዚህ ጥበብ ክብደት ያለው እዚህ ላይ ይመስላል።

ጥያቄም የሚነሣው ከዚሁ ነው። የተቀዳ ድምፅ ሁሉ ምስክር ነውን? «ስፒትፋየር» የተባለው ሥራ ስለ አውሮፕላኑና ስለ ፈልሳፊው ስለ ሚቸል የሚናገረውን ድምፅ የወሰደው በ1942 ከተሠራ ልብ ወለዳዊ ፊልም ነው። አውሮፕላኑ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው በ1936 ሲሆን፣ ሚቸል ራሱ በ1937 በ42 ዓመቱ ዐርፏል። በፊልሙ ሚቸልን ሆኖ የሚናገረው ሌስሊ ሃዋርድ የተባለው ተዋናይ ነው፤ ፊልሙም በጦርነት ዘመን የሕዝቡን ልብ ለማደፋፈር ተሠርቷል። በ«የሌሊት ፖስታ» ደብዳቤ የሚለዩት ሰዎች እውነተኛ የፖስታ ሠራተኞች ቢሆኑም፣ ሰረገላው በስቱዲዮ የተሠራና የቆመ ስለነበር ባቡሩ የሚሄድ እንዲመስል እንዲወዛወዙ ተነግሯቸዋል። ሙዚቃው ያማረ መሆኑ ይህን ልዩነት ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም።

በ2017 የወጣው «ሸለቆው ሁሉ» የተባለው አልበም ለዚህ ጥያቄ የተሻለ መልስ አለው። ጉዳዩ የደቡብ ዌልስ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ነው፤ የተቀዳውም በዚያው ሸለቆ፣ በኤብ ቬል፣ የሠራተኞች መሰብሰቢያ በነበረ ቤት ውስጥ ነው። ከሥራዎቹ አንዱ «ሕዝብ ምን ጊዜም ከሰል ያስፈልገዋል» የሚል ርእስ ሲኖረው፣ ንግግሩ በ1970ዎቹ ወጣቶችን ወደ ማዕድን ሥራ ለመሳብ ከተሠራ ማስታወቂያ የተገኘ ነው። ድምፁ የእርግጠኝነት ድምፅ ነው። ከዚያ በኋላ የ1984–85 የሥራ ማቆም አድማ መጣ፤ ብዙ ጉድጓዶች ተዘጉ፤ የብሪታንያ የመጨረሻው ትልቅ ጥልቅ የከሰል ጉድጓድ ኬሊንግሊ በታኅሣሥ 2015 ሥራ አቆመ፤ በመስከረም 2024 ደግሞ የመጨረሻው የከሰል ኤሌክትሪክ ጣቢያ ተዘጋ። ሙዚቀኞቹ በማስታወቂያው ላይ አይሳለቁም፤ እንደተነገረ ያሰሙታል። የተስፋውን ቃል አምኖ ልጁን ወደ ጉድጓድ የላከ አባት ቢሰማው ምን ሊል እንደሚችል ማሰብ ለአድማጩ ተትቷል። የማንኛውም ታላቅ ሥራ እቅድ አውጪ ይህን ሥራ አንድ ጊዜ ቢያዳምጠው አይጎዳም።

ከሁሉ የላቀው ሥራቸው ግን በ2015 የወጣው «የጠፈር እሽቅድድም» ነው። በዚህ ውስጥ የሶቪየቶቹ ስፑትኒክና ጋጋሪን፣ የአሜሪካኖቹ አፖሎዎችም አሉ። «ሂድ» በተባለው ሥራ በሐምሌ 1969 የአፖሎ 11 ማረፊያ ሊጀመር ሲል፣ የበረራው ኃላፊ ጂን ክራንዝ የየጠረጴዛውን ባለሙያ በየተራ ሲጠይቅና እያንዳንዱ በአንዲት ቃል ሲመልስ ይሰማል። ቃሏ አጭር ትሁን እንጂ የየአንዳንዱ ሰው የወራት ስሌት በውስጧ አለ። በጥር 1967 ሦስት ጠፈርተኞች በምድር ላይ በሙከራ ሳሉ ስለገደላቸው እሳት የተሠራው ሥራ በተቃራኒው ከበሮ የለውም። የሞት ወሬ በጭፈራ ምት ይቀርባልን ብሎ ለሚቈጣ ሰው ይህ ዝምታ በቂ መልስ ነው።

በመጨረሻ የሚነሣው «ሌላው ወገን» የተባለው ነው። በታኅሣሥ 1968 አፖሎ 8 ሦስት ሰዎች ይዞ ከጨረቃ በስተጀርባ ገባ። ከዚያ ወገን ወደ ምድር የሚደርስ የራዲዮ ሞገድ የለም። በጨረቃ ዙሪያ ለመዞር ሞተሩ ከአራት ደቂቃ ጥቂት ለሚበልጥ ጊዜ መንደድ ነበረበት፤ የሚነደውም በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው። ቢያጥር ወይም ቢረዝም ሰዎቹ ላይመለሱ ይችላሉ፤ በሂዩስተን የተቀመጡት መሐንዲሶች ግን ሊያርሙት ቀርቶ ሊያውቁት አይችሉም ነበር። ስሌቱ ካለቀ ቆይቷል። የቀራቸው ሰዓት መመልከት ብቻ ነው።

በሙዚቃው ውስጥ ግንኙነቱ እንደተቋረጠ ሲነገር መሣሪያዎቹ አንድ በአንድ ይወድቃሉ፤ የሚቀረው ለመስማት የሚያስቸግር ቀጭን ድምፅ ነው። ሙዚቀኞቹ እንደ ሂዩስተን ሰዎች ምንም አያደርጉም። ቀጥሎ የሚሆነውን መናገር ላልሰማው መቀማት ይሆናል። ስለዚህ አሁን በኋላ በኩል ያሉ ባልደረቦች መብራቱን ያጥፉ፤ ማጉያውም ጥቂት ከፍ ይበል፤ መካከሉ ላይ ድምፁ ሲጠፋ መሣሪያው ተበላሽቶ አይደለምና ማንም እንዳይነካው።