ለትንንሾች የተሰጠ ታላቅ ክብር
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል የተነገረ)



በዛሬው በዓል ስለ አንድ ያልታሰበ ስጦታ ልንነግራችሁ እንወዳለን።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. በአሜሪካ፥ በካሊፎርኒያ፥ ሄርሞሳ ቢች በምትባል ከተማ ሁለት የልጆች ቡድኖች የተለመደውን የቤዝቦል ግጥሚያቸውን ለማድረግ ወደ ሜዳ ወጡ። ቤዝቦል ኳስ በዱላ እየመቱ የሚሮጡበት፥ አሜሪካውያን እጅግ የሚወዱት ጨዋታ ነው። ኢምፕሮቭ ኤቭሪዌር የተባለው የኒውዮርክ የተዋንያን ቡድን ግን ልጆቹ ሳያውቁ ተዘጋጅቶ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ትንሹ ሜዳ የታላላቆቹን ቡድኖች ስታዲዮም መሰለ። ደጋፊዎች ጎረፉ፤ ለውዝ ሻጮች በመካከላቸው ተዘዋወሩ፤ ግዙፍ የቴሌቪዥን መስኮት የልጆቹን መልክ አሳየ፤ ታዋቂው የስፖርት ጋዜጠኛ ጂም ግሬይ ጨዋታውን ተረከ፤ የጉድይር የአየር መርከብም በላያቸው አንዣበበ።

እንግዲህ ልብ እንበል! ዱላው ያው ዱላ፥ ኳሱም ያው ኳስ ነበር። የተለወጠው የተመልካቹ ዓይን ነው። ልጅ ሥራው በቁም ነገር ሲታይለት እርሱም ሥራውን በቁም ነገር ያየዋል።

እኛ ግዙፍ መስኮትም የአየር መርከብም የለንም። ነገር ግን የምናጨበጭብበት እጅ አለን። የ9ኛ ክፍል ታናናሾቻችን ሲጋጠሙ የሜዳው ዳር ባዶ መሆን አይገባውም። አንድ ቀን ሁላችንም ሜዳውን ከበን እያንዳንዱን ተጫዋች በስሙ ብንጠራው ምን ይሰማው ይሆን?

ታናናሾቻችን እየሰሙን ስለ ሆነ ቀኑን አሁን አንናገርም። ወላጆችና መምህራን ግን በጠራናችሁ ጊዜ እንዳትቀሩብን በትሕትና እንለምናለን።