የሳም ዶት ገቭ ደጃፍ

የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ከጦር መርከብ እስከ ቢሮ ጽዳት ድረስ የሚገዛ ግዙፍ ሸማች ነው። በዋና ኮንትራቶች ከሚያወጣው ገንዘብ ቢያንስ 23 በመቶው ለአነስተኛ ድርጅቶች እንዲደርስም በሕግ ግብ ተቀምጧል። በዋሽንግተን ዙሪያ የጽዳት ወይም የትራንስፖርት ድርጅት የከፈተ ሐበሻ ከዚህ ገበያ ለመቋደስ መጀመሪያ የሚያንኳኳው ሳም ዶት ገቭ የተባለውን ድረ ገጽ ነው።

በዚህ ድረ ገጽ መመዝገብ በነጻ ነው። ይህን አድማጮች ልብ ይበሉ፤ የመንግሥት ደብዳቤ በሚመስል ኢሜይል ገንዘብ የሚጠይቁ የግል ኩባንያዎች ሞልተዋልና።

አመልካቹ በሎግኢን ዶት ገቭ አካውንት ከፍቶ የድርጅቱን ሕጋዊ ስምና አድራሻ ያስገባል። ብዙ ሰው የሚደናቀፈው እዚህ ላይ ነው። ስሙ ድርጅቱ ከተቋቋመበት ሰነድ ጋር አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ የፖስታ ሣጥን ቁጥርም እንደ መገኛ አድራሻ አይቆጠርም። በአንዱ ወረቀት «ገብረ» ተለይቶ፣ በሌላው ከተከታዩ ስም ጋር ተጣብቆ የተጻፈበት ሰው መዘግየቱ አይቀርም። ማጣራቱን ያለፈ ባለ 12 ፊደልና ቁጥር መለያ ይሰጠዋል። ይህ መለያ ከአንድ የግል ኩባንያ ይገኝ የነበረውን የደንስ ቁጥር በሚያዝያ 2022 እ.ኤ.አ. ተክቷል። ከዚያ የግብር ቁጥሩን የአገር ውስጥ ገቢ መሥሪያ ቤቱ ያመሳክራል።

ምዝገባው በየዓመቱ ይታደሳል። መመዝገብ ብቻውን ግን ሥራ አያመጣም፤ ጨረታውን እዚያው ድረ ገጽ ላይ መፈለግ የባለቤቱ ፈንታ ነው። ግራ ለገባው አፔክስ አክሰለሬተርስ የተባሉት ማዕከላት ምዝገባውን ያግዙታል።