የጀልባ ወለል ክብደትና የአስጋሪው ደኅንነት



ታንኳ የሚሠሩ ሽማግሌዎቻችን ደንገል ውሃ ሲጠጣ እንደሚከብድ ስለሚያውቁ ታንኳቸውን ከባሕሩ አውጥተው ለፀሐይ ያሰጡታል። ሞተር ለሚገጠምላት አነስተኛ የእንጨት ጀልባ ወለል ስንመርጥም ይህንኑ ዕውቀት ልንከተል ይገባናል፤ ዕቃው በሱቅ ደጃፍ ሳለ ሳይሆን ውሃ ውስጥ ከከረመ በኋላ ምን ያህል እንደሚመዝን እንጠይቅ።

4 ካሬ ሜትር ወለል እንውሰድ። ባለ 3 ሚሊ ሜትር ላሜራ ቢነጠፍበት 94 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከአንድ ጎልማሳ ሰው ይበልጣል። በዚያው ውፍረት አሉሚኒየም 32 ኪሎ ያህል ነው፤ ዋጋው ግን ለአነስተኛ ማኅበር ይከብዳል። ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፕላይውድ ከ30 ኪሎ ብዙም አይርቅም። ችፑድ ርካሽነቱ ቢያባብልም ርጥበት ሲነካው አብጦ ይፈረፈራል።

እኛ ፕላይውዱን እንመርጣለን። ከመግዛታችን በፊት ቁራጩን በፈላ ውሃ ለጥቂት ሰዓታት እንቀቅለው፤ ንብርብሩ ከተላቀቀ ይቅር። ውሃ በይበልጥ የሚገባው በተቆረጠው ጠርዝና በቀዳዳው ስለሆነ፣ እነዚህ ከመገጠማቸው በፊት በዘይት ቀለም ተደጋግመው ይቀቡ። የመጨረሻው ቀለም ሳይደርቅ ደቃቅ አሸዋ ቢነሰነስበት እግር አያንሸራትትም፤ የዓሣ ልጋግ የሚያደርገውን ለእናንተ አንነግርም።

ከባድ ወለል ጀልባን ያረጋጋል የሚሉ አሉ። እውነትነት አለው፤ ሆኖም ክብደቱ የጀልባዋን አፍ ወደ ውሃው ያቀርባል፤ ማዕበል ሲነሣ የሚገባውም በዚያ ነው። ጀልባዋ ውሃ ከሞላች ደግሞ ላሜራ ወደ ታች ይስባል፣ እንጨት ግን ይንሳፈፋል። ወለሉ በምስማር አይጠረቅ፤ ከሥሩ የተጠራቀመውን ውሃ ለመቅዳት እንዲነሣ ሆኖ በገመድ ይታሰር።