የትልቁ አንጀት ካንሰርና የአር ኤን ኤ ምልክቶች

አንደኛ አቅራቢ፦ መልእክተኛ አር ኤን ኤ ከዲ ኤን ኤ የተገለበጠ የፕሮቲን መሥሪያ መልእክት ነው። ሕዋስ በመልእክቱ ላይ ጥቃቅን ኬሚካላዊ ምልክቶች ይጨምርበታል። በብዛት የሚገኘው ኤም-6-ኤ ይባላል፤ አዴኖሲን ላይ የሚለጠፍ ሜቲል ሲሆን በአጥቢ እንስሳት ሕዋስ የታወቀው ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ምልክቱን የሚለጥፍ፣ የሚፍቅና የሚያነብ ፕሮቲን ለየብቻ አለ። ሜትል-3 ይለጥፋል፤ ኤፍ ቲ ኦ ይፍቃል። አንባቢዎቹ መልእክቱ ቶሎ እንዲፈርስ ወይም እንዲቆይ ያደርጋሉ። በትልቁ አንጀት ዕጢ ሜትል-3 ሲበዛ፣ እንደ ሶክስ-2 ያሉ ዕጢውን የሚያሳድጉ መልእክቶች ዕድሜያቸው ይረዝማል፤ በብዙ ጥናቶችም የታካሚው ተስፋ ይመነምናል።

አንደኛ አቅራቢ፦ የሥራ ጓደኛው ሜትል-14 ግን ሲያንስ ነው የሚከፋው። «ምልክቱ በዛ፣ በሽታው ከፋ» የሚለው ችኩል ድምዳሜ እዚህ ላይ ይፈርሳል።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ስለዚህ ሐኪም ዛሬም በዋናነት የሚመዝነው የበሽታውን ደረጃ ነው፦ የአንጀቱን ግድግዳ ምን ያህል ዘለቀ፣ ንፍፊት ነካ ወይ፣ ጉበት ደረሰ ወይ።

አንደኛ አቅራቢ፦ በሱዳን ድንበር ባለችው መተማ ግን ደረጃው ራሱ ዘግይቶ ሊታወቅ ይችላል። ወባና ካላዛር በሚያስጨንቁት ቆላ፣ ደም የቀላቀለ ሰገራ የተቅማጥ ወይም የኪንታሮት ነው ተብሎ ይታለፋል። የናሙና ምርመራም ጎንደር ድረስ ያስኬዳል።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ አር ኤን ኤ ደግሞ ሙቀት አይችልም። በበጋው መጨረሻ ከ40 ዲግሪ በሚያልፈው የቆላ ሐሩር፣ ሳይቀዘቅዝ የተጓዘ ናሙና ቶሎ ይበላሻል። ለለጣፊና ፋቂ ፕሮቲኖቹ ግን በፎርማሊን የተቀመጠ የሥጋ ናሙና ይበቃል፤ በማቅለሚያ ይታያሉ።